የማንን በር ላንኳኳ? የአሜሪካን መንግሥት ከቤት አድራሻ ጀምሮ ለመረዳት

ጊዜው 2018 ሚያዝያ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ አንድ ወዳጄ ቤት ቡና ላይ ነን። ቶናው እየተቀዳ ሳለ ጥግ ላይ የተቀመጠው ልጅ ስልኩን ከፍ አድርጎ "ኤች አር 128 አለፈ!" አለ። ግማሹ ሰው እልል አለ፣ ግማሹ ፊቱን አጨፈገገ። አንድ ትልቅ ሰው ስኒያቸውን አስቀምጠው "በቃ፣ ከዛሬ ጀምሮ ሕግ ነው" ብለው ደመደሙ። የተከራከራቸው የለም። እኔም ዝም አልኩ።

ኤች አር 128 ስለ ኢትዮጵያ ሰብአዊ መብት ለአሜሪካ ኮንግረስ፣ ማለትም ለአገሪቱ ሕግ አውጪ ምክር ቤት፣ የቀረበ ወረቀት ነበር። ሕግ ግን አልነበረም። ሕግ ሊሆንም አይችልም ነበር። ለምን እንደሆነ ትንሽ ቆይቼ እመለስበታለሁ። እዚህ ላይ ማንሳቴ ግን ያን ቀን የገባኝ ነገር ስላለ ነው። አብዛኞቻችን የአሜሪካን ፖለቲካ የምናነበው ከአገር ቤት ይዘነው በመጣነው መነጽር ነው። ከላይ አንድ ትልቅ ሰው አለ፤ እሱ ካለ አለቀ። እዚህ አገር ዜና ስትሰሙ ቀድማችሁ መጠየቅ ያለባችሁ "ጉዳዩ የማን ነው?" ብላችሁ ነው። ይቺን ጥያቄ ከያዛችሁ ሌላው ቀስ በቀስ ይመጣል። (ዓመቶቹም፣ ወሮቹም፣ ቀኖቹም በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

አንድ፦ አድራሻችሁን ፈትሹ

ብዙ ሰው ከዋይት ሃውስ ይጀምራል። እኔ ከፖስታ ሳጥን ጀምሩ እላለሁ።

ቨርጂኒያ ስኖር ፖስታዬ ላይ "አሌክሳንድሪያ" ይል ነበር። ቨርጂኒያ ውስጥ ከተማችሁ ወይም ካውንቲያችሁ ለመኪናችሁ በየዓመቱ ግብር ያስከፍላል። ያንን ልከፍል ከሥራ አስፈቅጄ ከተማው መሥሪያ ቤት ሄድኩ። ወረፋዬን ጠብቄ መስኮቱ ጋ ስደርስ ሴትየዋ አድራሻዬን ኮምፒውተሩ ላይ መታ መታ አደረገችና "አንተ እኮ አሌክሳንድሪያ አትኖርም" አለችኝ። ሦስት ዓመት የኖርኩበትን ሰፈር! ለካ የምኖረው ፌርፋክስ ካውንቲ፣ ከስቴቱ በታች ያለ ሌላ አስተዳደር ውስጥ ነው። ፖስታ ቤት ለማደያ እንዲመቸው የሚጠቀምበት ስምና የመንግሥት ወሰን ለየቅል ናቸው። ቨርጂኒያ ውስጥ ደግሞ ከተማ ከተማ ነው፣ ካውንቲ ካውንቲ ነው፤ አንዱ ሌላው ውስጥ አይገባም። ስለዚህ የአሌክሳንድሪያ ከንቲባ የኔ ከንቲባ አልነበረም። ግብሬም፣ የልጄ ትምህርት ቤትም፣ የምመርጠው ሰውም ፌርፋክስ ነበር።

ሲልቨር ስፕሪንግ ያላችሁ ደግሞ የባሰ አለ። ሲልቨር ስፕሪንግ ከንቲባ የለውም። በሕግ ከተማ አይደለም። የሞንትጎመሪ ካውንቲ አንድ ሰፈር ነው። መንገዱንም፣ ፖሊሱንም፣ ቆሻሻውንም የሚመለከተው ካውንቲው ነው።

እና ዛሬ ይህን አድርጉ። የካውንቲያችሁን ወይም የከተማችሁን ድረ ገጽ ክፈቱ። አድራሻችሁን ስታስገቡ ተወካዮቻችሁን የሚያሳይ ገጽ አለው። ወረቀት ላይ ጻፉ፦ የሰፈራችሁ የምክር ቤት አባል፣ የትምህርት ቦርድ አባል፣ ስቴቱ ምክር ቤት ውስጥ ያሉት ተወካዮቻችሁ፣ ኮንግረስ ውስጥ ያለው አንድ ተወካያችሁ፣ ሁለቱ ሴናተሮቻችሁ። ወረቀቷን ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፏት። አብዛኛው አሜሪካዊ ራሱ ይህን ዝርዝር በቃሉ አይወጣውም፤ ስለዚህ ባትችሉ አትፈሩ።

ትምህርት ቤት፣ የቤት ግብር፣ የግንባታ ፈቃድ፣ ሬስቶራንት መክፈት፣ በራችሁ ላይ ያለው የፓርኪንግ ምልክት፣ ይህ ሁሉ በአብዛኛው እዚህ ታችኛው እርከን ላይ ያልቃል። ቴሌቪዥን ላይ የማይታየው፣ ኪሳችሁን ግን ቶሎ የሚነካው መንግሥት ይህ ነው።

ሁለት፦ መሰላሉን እርሱት

ቀበሌ፣ ወረዳ፣ ዞን፣ ክልል፣ ፌዴራል። እኛ የምናውቀው መሰላል ይህ ነው፤ ትዕዛዝ ከላይ ይወርዳል፣ ሪፖርት ከታች ይወጣል። አሜሪካን በዚህ መሰላል ለማንበብ ከሞከራችሁ ትሳሳታላችሁ።

ፕሬዚዳንቱ የሜሪላንድን ገዥ ከሥልጣን ማንሳት አይችልም። አይሾመውም፣ አይሽረውም። ገዥውን የመረጠው የሜሪላንድ ሕዝብ ነው። ሃምሳው ስቴቶች እያንዳንዳቸው የራሳቸው ሕገ መንግሥት፣ ምክር ቤት፣ ፍርድ ቤት አላቸው። በ1787 ፊላደልፊያ የተረቀቀው የፌዴራሉ ሕገ መንግሥት ለማዕከላዊው መንግሥት የተወሰኑ ሥራዎችን ቆጥሮ ሰጠው፦ ገንዘብ ማተም፣ ጦር ሠራዊት፣ የውጭ ጉዳይ፣ ፖስታ፣ በስቴቶች መካከል የሚደረግ ንግድ። በ1791 የጸደቀው አሥረኛው ማሻሻያ ደግሞ ያልተሰጠው ሥልጣን የስቴቶችና የሕዝቡ ነው ይላል።

በተግባር ምን ማለት ነው? መንጃ ፈቃድ የስቴት ነው። ጋብቻና ፍቺ የስቴት ነው። አብዛኛው የወንጀል ሕግም እንዲሁ። ኢሚግሬሽን ግን የፌዴራል ነው፤ ገዥው ግሪን ካርድ ሊሰጣችሁ አይችልም። ሁለቱ የሚደራረቡበትም ቦታ አለ። ዝቅተኛውን የሰዓት ክፍያ ውሰዱ። የፌዴራሉ ከ2009 ጀምሮ 7 ዶላር ከ25 ሳንቲም ላይ ቆሟል። ዲሲ ደግሞ ከ17 ዶላር በላይ ታስከፍላለች። ሠራተኛው የሚያገኘው ከሁለቱ ከፍ ያለውን ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ካውንቲና ከተማ ሥልጣናቸውን የሚያገኙት ከስቴቱ ነው። ስቴቱ ሊያጠብባቸው ይችላል። ስቴት ከፌዴራል ጋር እንዳለው ዓይነት ዋስትና የላቸውም።

ዋሽንግተን ዲሲ ደግሞ የሁሉም ጉድ ናት። ስቴት አይደለችም። ከንቲባና ምክር ቤት አላት፣ ኮንግረስ ግን ያወጡትን ሕግ መሻር ይችላል። ሴናተር የላትም። የተወካዮች ምክር ቤት ውስጥ ያላት አንድ ልዑክ ናት፤ ሕግ ሲጸድቅ ድምፅ አትሰጥም። የዲሲ ታርጋ ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብባችሁት ታውቁ እንደሆነ፣ "ያለ ውክልና ግብር" እያለ ያማርራል። ታክሲ ለሚነዱ ወገኖቻችን ለዓመታት ከኋላቸው ተለጥፎ የኖረ የፖለቲካ ጥያቄ ነው።

ሦስት፦ ሦስቱን በሮች በዲቪ እዩዋቸው

ሕግ አውጪ፣ ሕግ አስፈጻሚ፣ ሕግ ተርጓሚ። ይህን ሁላችንም ክፍል ውስጥ ሸምድደነዋል። በሽምደዳ ግን አይገባም። እኛ ዘንድ የማያውቀው ቤተሰብ በሌለ ምሳሌ ልሞክር።

የዲቪን ሎተሪ የፈጠረው ኮንግረስ ነው። በ1990 ባወጣው የኢሚግሬሽን ሕግ ውስጥ አስገባው፤ በዓመት እስከ 55,000 ቪዛ። ሥራውን የሚሠራው ደግሞ የፕሬዚዳንቱ አስፈጻሚ አካል ነው፤ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱና ኤምባሲዎቹ።

በ2020 ሚያዝያ፣ ኮቪድ በገባበት ወቅት፣ ፕሬዚዳንት ትራምፕ ዲቪን ጨምሮ በርካታ የኢሚግራንት ቪዛዎችን የሚያግድ አዋጅ ፈረሙ። ሕጉን አልሰረዙትም፤ መሰረዝ አይችሉም። አፈጻጸሙን ግን አቆሙት። የዲቪ ዕድል የሚያበቃው የፌዴራሉ በጀት ዓመት ሲዘጋ፣ መስከረም 30 ላይ ነው። ያ ቀን ካለፈ ዕድሉ ተቃጠለ። የደረሳቸው ሰዎች ፍርድ ቤት ሄዱ። መስከረም መጀመሪያ ላይ ዲሲ ያለ አንድ የፌዴራል ዳኛ፣ መሥሪያ ቤቱ የዚያን ዓመት ባለ ዕድሎች ጉዳይ በፍጥነት እንዲያስተናግድ አዘዘ። ቀነ ገደቡ ሊደርስ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩ ማለት ነው።

እዩት እንግዲህ። አንዱ ፈጠረ፣ አንዱ አገደ፣ አንዱ እገዳውን አላላ። ሦስቱም በየራሳቸው ሥልጣን። "አሜሪካ ዲቪ ከለከለች" የሚል ዜና ስትሰሙ የትኛዋ አሜሪካ እንደሆነች ጠይቁ። ኮንግረስ ሕጉን ለወጠ? ፕሬዚዳንቱ አዘዘ? ኤምባሲው አዘገየ? መልሱ ሲለያይ የምትጠብቁት ጊዜና የምታንኳኩት በርም ይለያያል።

ስለ ፍርድ ቤት ጥቂት። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዘጠኝ ዳኞች አሉት፤ ቁጥሩ ከ1869 ወዲህ አልተነካም። ፕሬዚዳንቱ ያጫል፣ ሴኔት ያጸድቃል፣ ከዚያ ዕድሜ ልክ ነው። ሕግን ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይጋጫል ብሎ የመሻር ሥልጣኑን ፍርድ ቤቱ ራሱ ያረጋገጠው በ1803፣ ማርበሪ በማዲሰን ላይ ባቀረበው ክስ ነው። አንድ ፕሬዚዳንት አራት ወይም ስምንት ዓመት ኖሮ ይሄዳል። የሾማቸው ዳኞች ግን ሠላሳ ዓመት ሊቀመጡ ይችላሉ። በዳኛ ሹመት ላይ ያ ሁሉ ጭቅጭቅ ለምን እንደሚነሳ አሁን ይገባችኋል።

አራት፦ አንድ ወረቀት ከጀርባው ተከተሉ

አሁን ወደ ቡናው ቤት እንመለስ።

ኮንግረስ ሁለት ቤት ነው። የተወካዮች ምክር ቤት 435 መቀመጫ አለው፤ በሕዝብ ብዛት ይከፋፈላል፣ አንዱ ተወካይ በአማካይ 760,000 ያህል ሰው ይወክላል፣ በየሁለት ዓመቱ ይመረጣል። ሴኔት 100 ሰው ነው፤ ለእያንዳንዱ ስቴት ሁለት፣ ለስድስት ዓመት። ካሊፎርኒያ ወደ 39 ሚሊዮን ሰው ይዛ ሁለት ሴናተር አላት። ዋዮሚንግ 600,000 እንኳ ያልሞላ ሰው ይዛ እሷም ሁለት። ትክክል ነው ወይ? በዚህ አሜሪካውያን ራሳቸው ተስማምተው አያውቁም።

ሕግ የሚሆን ረቂቅ በሁለቱም ቤቶች በአንድ ዓይነት ቃል መጽደቅ አለበት። ከዚያ ፕሬዚዳንቱ ይፈርማል። እምቢ ካለ ቪቶ ነው፤ ለመሻር በሁለቱም ቤቶች ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልጋል። ሴኔት ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። ክርክርን ሳይቋጩ ማስረዘም ይቻላል፤ ፊሊበስተር ይሉታል። ያንን ለመዝጋት 60 ድምፅ ይጠይቃል። ስለዚህ 51 ሴናተር ያለው ፓርቲ አሸነፈ ማለት የፈለገውን ሕግ ያወጣል ማለት አይደለም።

ታዲያ ያ 128 ምን ነበር? እኛ "ኤች አር 128" እንለው እንጂ ትክክለኛ ስሙ "ኤች ሬዝ 128" ነው። "ሬዝ" የውሳኔ ሐሳብ ናት። የተወካዮች ምክር ቤት ስለ ኢትዮጵያ ሰብአዊ መብት አቋሙን የገለጸበት ወረቀት ነው። ወደ ሴኔት አይሄድም፣ ፕሬዚዳንቱ አይፈርመውም፣ ማንንም በሕግ አያስገድድም። ድምፁ ግን ይሰማል፤ ለዚህ ነው የደገፈውም የተቃወመውም ያን ያህል የሮጠው።

ከዚያ በፊት፣ በ2007፣ ስለ ኢትዮጵያ "ኤች አር 2003" የሚባል ነበር። ያኛው የእውነት ረቂቅ ሕግ ነው። ጥቅምት ውስጥ የተወካዮች ምክር ቤትን አለፈ፣ እዚህም እዚያም ደስታና ቁጣ ሆነ። ከዚያ ሴኔት ደርሶ እዚያው ቀረ። ሕግ አልሆነም። አንዱ ቤት ብቻ ያለፈ ረቂቅ፣ የኮንግረሱ የሁለት ዓመት ዘመን ሲያልቅ አብሮ ይሞታል። እንደገና ቢፈለግ ከሀ ተብሎ ይጀመራል።

ከአሁን በኋላ "አለፈ" የሚል ዜና ሲመጣላችሁ ሦስት ነገር እዩ። ከቁጥሩ በፊት ያሉትን ፊደላት፤ "ኤች ሬዝ" ብቻ ካለ ተረጋጉ። ቀጥሎ፣ ያለፈው ኮሚቴ ነው ወይስ ሙሉ ምክር ቤት? ኮሚቴ ብቻ ከሆነ ገና ገና ነው። በመጨረሻ፣ ሌላው ቤት ምን አለ? ኮንግረስ ድረ ገጽ አለው፤ ቁጥሩን ስታስገቡ ወረቀቱ የት እንደቆመ ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። በነጻ ነው። ከዩቲዩብ ተንታኝ ይሻላል፣ አይጮህባችሁምም።

አምስት፦ ቦርሳውን የያዘው ማን ነው?

ኮንግረስ ካልፈቀደ ፕሬዚዳንቱ ከግምጃ ቤት ሳንቲም ማውጣት የለበትም። በጀት ዓመቱ የሚጀምረው ጥቅምት 1 ነው። እስከዚያ ካልተስማሙ መንግሥት ይዘጋል፤ ሻትዳውን ማለት ይህ ነው። በ2025 የተዘጋው 43 ቀን ቆይቷል። ዲሲ አካባቢ ያን ጊዜ የፓርኪንግ ሠራተኛውም፣ ኡበር የሚነዳውም፣ ምሳ የሚሸጠውም ገበያው እንዴት እንደሚቀዘቅዝ ያውቀዋል። የፌዴራል ሠራተኛ ቤቱ ሲቀመጥ እነሱም ይቀመጣሉ። ልዩነቱ ለሠራተኛው ደሞዙ በኋላ ተጠራቅሞ ይመጣለታል። ለእነሱ የሚመጣ የለም።

ስድስት፦ ምርጫው ሃምሳ ምርጫ ነው

እኛ አገር ብዙ መቀመጫ ያገኘው ፓርቲ ጠቅላይ ሚኒስትሩን ይሰይማል። እዚህ ፕሬዚዳንትና ኮንግረስ ለየብቻ ይመረጣሉ። ስለዚህ ፕሬዚዳንቱ ከአንዱ ፓርቲ፣ ምክር ቤቱ ከሌላው ሊሆን ይችላል። ይህ ብልሽት አይደለም፣ በተደጋጋሚ ይሆናል።

ፕሬዚዳንቱን በቀጥታ የሚመርጠው የአገሩ ጠቅላላ ድምፅ አይደለም። ኢሌክቶራል ኮሌጅ የሚባል አለ። እያንዳንዱ ስቴት የተወካዮቹንና የሴናተሮቹን ቁጥር ያህል መራጭ ይይዛል፤ ለዲሲ ሦስት ይጨመራል። ድምሩ 538 ነው። 270 ያገኘ አሸነፈ። ከሜይንና ከነብራስካ በስተቀር ሁሉም ጋ በአንድ ድምፅም ይሁን ያሸነፈ ጠቅልሎ ይወስዳል። በ2000 ፍሎሪዳ የተወሰነችው በ537 ድምፅ ልዩነት ነው፤ ጆርጅ ቡሽም በዚያው ፕሬዚዳንት ሆኑ። በ2016 ሂላሪ ክሊንተን በጠቅላላ ድምፅ ከ2 ሚሊዮን በላይ በልጠው ተሸነፉ። እጩዎቹ ፔንሲልቬንያና ሚሺጋን የሚመላለሱት፣ ሜሪላንድን ግን ዞር ብለው የማያዩት ለዚህ ነው። የሜሪላንድ ውጤት አስቀድሞ ይታወቃላ።

ፓርቲዎቹን በተመለከተ አንድ ምክር ብቻ አለኝ። ዴሞክራትና ሪፐብሊካን እንደ እኛ ፓርቲዎች መታወቂያ የሚሰጡ፣ ደንብ የጣሰውን የሚያባርሩ ድርጅቶች አይደሉም። እጩውን የሚመርጠው የፓርቲው ጽሕፈት ቤት ሳይሆን በቅድመ ምርጫው፣ በፕራይመሪው፣ የወጣው ሕዝብ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ በአንዱ ፓርቲ ፕራይመሪ ለመምረጥ በዚያ ፓርቲ ስም መመዝገብ አለባችሁ። ቨርጂኒያ ውስጥ በፓርቲ መመዝገብ የሚባል የለም። ባንዱ ፓርቲ በተያዘ ካውንቲ የእውነቱ ፉክክር ያለው ፕራይመሪው ላይ ነው። ኅዳር ላይ የሚወጣ ሰው ብዙ ጊዜ ያለቀ ነገር ላይ ይደርሳል።

ሰባት፦ ከእናንተ ጋር የሚገናኘው

መጀመሪያ ማስጠንቀቂያ፣ ምክንያቱም ሰው ተጎድቶበታል። ግሪን ካርድ ያለው ሰው በፌዴራል ምርጫ አይመርጥም። መንጃ ፈቃድ ስታወጡ "ለመምረጥ መመዝገብ ትፈልጋለህ?" የሚል ጥያቄ ይመጣል። በ1993 የወጣ ሕግ ነው እዚያ ያስቀመጠው። ዜጋ ሳትሆኑ "አዎ" ብላችሁ ፈርማችሁ እንደሆነ፣ ዜግነት መከልከል ብቻ ሳይሆን እስከ መባረር ሊያደርስ ይችላል። ጸሐፊዋ እየተጣደፈች ብትጠይቅም ረጋ ብላችሁ አንብቡ። ጥቂት ቦታዎች፣ ለምሳሌ ሜሪላንድ ያለችው ታኮማ ፓርክ፣ ዜጋ ያልሆነ ነዋሪ ለከተማው ምርጫ ብቻ እንዲመርጥ ይፈቅዳሉ። ያ የከተማው ነው፤ ለሌላው አይሠራም።

የዜግነት ፈተናው ከ2025 ጥቅምት 20 ጀምሮ ላመለከተ ሰው ተለውጧል። 128 ጥያቄ ይጠናል፣ 20 ይጠየቃል፣ 12 መመለስ ያሳልፋል። ዕድሜያቸው 65 የሞላና ግሪን ካርድ ይዘው 20 ዓመት የቆዩ 20 ጥያቄ ብቻ ያጠናሉ፤ በአማርኛም በአስተርጓሚ መፈተን ይችላሉ። እናቴን ያስጠናኋት እኔ ነኝ። "ስንት ሴናተር አለ?" ስላት "መቶ" ትላለች ሳትጨነቅ። "ለምን ሁለት ሁለት?" ብላ የጠየቀችኝ ግን እሷ ናት። ስለ ዋዮሚንግ ስነግራት "እንዴ፣ ይሄማ አድልዎ ነው" አለች። እናቴ ፖለቲካ የገባት ያን ቀን ነው።

የመጨረሻው ብዙ ሰው የማያውቀው በር ነው። ማመልከቻችሁ ኢሚግሬሽን ጋ ለወራት ከተቀመጠ፣ ወይም የሶሻል ሴኩሪቲ ጉዳይ ከተቋጠረ፣ የኮንግረስ ተወካያችሁ ቢሮ ውስጥ ይህንኑ የሚከታተሉ ሠራተኞች አሉ። ዜጋ መሆን አይጠበቅባችሁም፤ በወረዳው መኖር ይበቃል። መሥሪያ ቤቱን "ውሳኔ ስጡ" ብለው ማዘዝ አይችሉም። "ፋይሉ የት ደረሰ?" ብለው ሲጠይቁ ግን መልስ ይመጣል። ዲሲ ያላችሁም ልዑኳ ቢሮ እንዲሁ ይሠራል። የመንጃ ፈቃድ ጉዳይ ይዛችሁ ብትሄዱ ግን ይመልሷችኋል፤ እሱ የስቴት ነው።

ስትደውሉ እንግሊዝኛችሁ አያሳስባችሁ። አጭር አድርጉት፦ ስም፣ የማመልከቻው ቁጥር፣ መቼ እንዳስገባችሁ። ፋይላችሁን እንዲያዩ የምትፈርሙት የፈቃድ ቅጽ ይልኩላችኋል። ከዚያ ሁሉ በፊት ግን ስልኩን ያነሳው ልጅ አንድ ነገር ይጠይቃችኋል። የቤት አድራሻችሁን።